ከፊደሉ ማዶ

አገራችን ለሁሉም ነገር መድረሻ መለኪያ አላት። በግ መድረሱ በጥርሱ ይታወቃል። ገብስ በዛላው፣ ጠላ በሽታው፣ ሽማግሌ ደግሞ አንዱን ታሪክ በአንድ ቀን ስንቴ እንደሚደግመው ተቆጥሮ ይታወቃል። ልጅ ለትምህርት መድረሱስ በምን ይታወቃል ብትሉኝ፣ በጆሮው። ይኸውም እንዲህ ነው። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ የግራ ጆሮውን ከነካ ትምህርት ይገባዋል፤ ካልነካ አይገባውም። እንግዲህ ዕውቀትም እንደ አቡጀዲ በክንድ ትለካለች ማለት ነው።

እስቲ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሰው ሳያያችሁ አሁኑኑ ሞክሩት። ነካችሁ? ደርሳችኋል፤ ንባባችሁን ቀጥሉ።

እኔ ይህን መለኪያ የምንቅ ሰው አይደለሁም። «ልጅሽ መቼ ተወለደች?» የተባለች እናት «ውርጭ ገብሱን የመታው ዓመት» ብላ በምትመልስበት ከተማ ዲሬክተሮች ምን ያድርጉ? ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ውርጭ ገብሱን ያልመታበት ዓመት ስለሌለ፣ መልሱ ከምንም አያደርስም። ጆሮ ግን ቢያንስ ቦታውን አይለቅም። የኔ ጠብ ከጆሮ ጋር አይደለም። የኔ ጠብ፣ ክንዱ እስኪረዝም ድረስ ልጁ ምን ሲያደርግ ይቆያል በሚለው ላይ ነው። ክንዱ እስኪደርስ ዓይኑ ተጨፍኖ አይጠብቅማ! የትንሽ ልጅ ዓይን እንደ ተባዘተ ጠጉር ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይነሣል። ገለባም ቢሆን፣ እሾህም ቢሆን። ታዲያ ፊደል ቢሆንስ?

«አንተ ደግሞ ማን ነህና?» ብትሉ አልቀየማችሁም። ታደለ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ጋሽ ተክሌ የሚባሉ የበግ ጠጉር ነጋዴ አሉ፤ እሳቸው ዘንድ ከመንዝና ከመዘዞ የመጣውን ጠጉር ተቀብዬ መዝኜ፣ ለፈታዮች የማከፋፍል እኔ ነኝ። ትምህርቴ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኔታ ዘንድ ዳዊት ጀምሬ፣ አባቴ ሲሞት አቋረጥኩ። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ስኳርና ጨው የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት አንድ ጉድለት አለበት። ወሬውን ጀምራችሁ ልቡ ላይ ስትደርሱ ወረቀቱ ያልቃል። ቀሪው ያለው የጎረቤት ስኳር ላይ ነው። እኔ ስኳር ልበደር እያልኩ ጎረቤት በመግባት ስንት የዓለም ጉዳይ ከዳር አድርሻለሁ! ጎረቤቶቼ ጣፋጭ የሚወድ ልጅ ይሉኛል እንጂ ነገሩስ ሌላ ነው።

ሌላው አመሌ፣ ያወቅሁትን ለብቻዬ መያዝ አለመቻሌ ነው። አንድ ነገር አንብቤ ለሰው ካላስረዳሁ ሆዴን ይነፋኛል። ማስረዳት ስጀምር «ይኸውም» ማለት ስለማበዛ፣ የገበያው ሴቶች ስሜን ትተው «ይኸውም» ይሉኛል። ስመጣ «ዝም በሉ፣ ይኸውም መጣ» ይባላል። ስሄድ ምን እንደሚባል አላውቅም። ይኸውም ስለማልኖር ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ የጋሽ ተክሌ መጋዘን በራፍ ላይ ሴቶች ተሰብስበው ጠጉር ይለቅማሉ፣ ያባዝታሉ፣ ይፈትላሉ። እግራቸው ሥር ልጆች አሉ። ተለቅ ተለቅ ያሉት በየፊናቸው ተሰማርተዋል፤ ከፊሉ ትምህርት ቤት፣ ከፊሉ የኔታ ዘንድ፣ ከፊሉ ከብት ኋላ። በራፉ ላይ የሚቀሩት ገና ለምንም ያልደረሱት ናቸው። «ለምንም ያልደረሱ» ስል ሰው እንደሚለው ብዬ ነው እንጂ፣ እኔስ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ገብስማውን ከገብስማ እየለዩ ጠጉር ሲከምሩ አንዲት ዘለላ አይሳሳቱም። አንድ ቀን ይህን አይቼ ጋሽ ተክሌ ዘንድ ሮጥኩ።

«ገብስማን ከጥቁር የለየ ልጅ» አልኳቸው፣ «ሀን ከለ እንዴት አይለይም?»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» ብለው ሳቁብኝ። «አንተው ራስህ የጨው መጠቅለያ ያስተማረህ ሰው፣ ደሞ አስተማሪ ልትሆን? በል፣ ጠጉሬ በነፋስ አይሂድብኝ እንጂ እንዳሻህ።»

እኔ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ከፈቃድም እንደ ምርቃት።

ያለኝ ፊደል አንድ ነው። ካርቶን ላይ የተለጠፈ፣ አሊዩ አምባ ገበያ ወርጄ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛሁት። የመጨረሻውን ረድፍ አይጥ ስለ በላችው የኛ ልጆች ፐን አያውቋትም። እስካሁን አልቸገራቸውም፤ ፓፓያ ደብረ ብርሃን አይበቅልም። ግድግዳ ላይ እንዳልሰቅለው ነፋሱ አላስቀምጥ አለኝ። የደብረ ብርሃንን ነፋስ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ ይኸውም ባርኔጣን ከራስ ላይ ወስዶ፣ ባለቤቱን ሰድቦ የሚሄድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ፊደሉን መሬት ላይ አጋድሜ በየማዕዘኑ ድንጋይ ጫንኩበት፤ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ተቀመጡ። ይህንን እኔ አልፈጠርኩትም። የኔታ ዘንድም አንድ ዳዊት መሃል ተቀምጦ ስንት ልጅ ይከበው ነበር። መጽሐፍ ብርቅ በሆነበት አገር መጽሐፍና እሳት አንድ ናቸው፤ ከመሃል ሆነው ዙሪያውን ያሞቃሉ።

ከልጆቹ ሁሉ ለዚህ ወግ የምትፈለገው ጽጌ ናት። ጽጌ የእትዬ አበበች ልጅ ናት። እትዬ አበበች ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ በእንዝርቷ የምትኖር፣ ከፈታዮቹ ሁሉ ቀጭን ክር የምታወጣና ከሁሉም ረዥም ምላስ ያላት ሴት ናት። ሌሎቹ ልጆች ከኔ ጎን ለመቀመጥ እየተገፋፉ ሲሻሙ፣ ጽጌ የእጇ ጌታ አልነበረችም። እናቷ የፈተለችውን ክር ሁለት እጇን ዘርግታ ትይዝላታለች፤ እናቷ ከጎኗ ሆና ወደ ልቃቂት ትጠቀልለዋለች። ስለዚህ ሁለቱም ሁልጊዜ ከፊደሉ ማዶ ናቸው፤ ከኔ ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ተደግፈው። ጽጌ እጇ በክር ታስሮ በዓይኗና በአፏ ብቻ ትማራለች። የእናቷ እንኳ ተቃራኒው ነው። ዕድሜ ልኩን ክር የጠቀለለ እጅ ዓይን አያስፈልገውም፤ እጇ ሲሠራ ዓይኖቿ ሥራ ፈት ነበሩ።

አሁን ትንሽ ላስረዳ፤ አትቆጡኝ። ልጅን ፊደል ማስተማር የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ይኸውም ሀ ሁ ሂ ሃ ዜማ ነው። ዜማውን የያዘ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አልፎ ተርፎም እያንቀላፋ፣ ከላይ እስከ ታች ይወርደዋል። ወላጆቹም «ልጄ ፊደል ቆጠረ» ብለው ድግስ ያስባሉ። ያ ንባብ አይደለም፤ ያ ዘፈን ነው። ስለዚህ እኔ በእንዝርት ጫፍ ከዚህ ወደዚያ እየዘለልኩ አመለክታለሁ። ሲዘለልባቸው ዜማው ይጠፋቸውና ማየት ይጀምራሉ። ፊደሉ ሲለመድ ደግሞ መሃል ላይ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ በከሰል ቃል እጽፋለሁ። በግ። ባና። ውርጭ። የሚያውቁት ነገር ድንጋይ ላይ ተጽፎ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚሆነውን ብታዩ! በግ ከበረት አምልጦ ድንጋይ ውስጥ የገባ ይመስላቸዋል።

ጽጌ ከሁሉም ትቀድም ነበር። እንዝርቴ ገና ከድንጋዩ ሳትደርስ ከማዶ «በግ!» ትላለች፣ እጇን እንደ ዘረጋች፣ ካህን ሲባርክ መስላ።

አንድ ሰው ደግሞ ሳላስተዋውቃችሁ እንዳላልፍ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በየጠዋቱ በመጋዘኑ በኩል ያልፋሉ፣ ጋዜጣቸውን እያነበቡ። ሲያነቡ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ትከሻቸው በጣም ያዘነብላሉ፤ ካላዘነበሉም አያነቡም። ከተማው ስለዚህ አንገት ያልተናገረው የለም። አንዱ ኩራት ነው ይላል፤ ሌላው ከጠላት ጊዜ የቀረ ጥይት አለበት ይላል፤ እትዬ አበበች ደግሞ «ሚስታቸው በዚያ በኩል ስለምትጮህ ነው» ትላለች። እሳቸው ግን ለማንም መልስ ሰጥተው አያውቁም። አንድ ሁለቴ እኛን አሻግረው አይተው፣ ምንም ሳይሉ፣ እንደ ተዘነበሉ አልፈዋል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እትዬ አበበች ክሯን አቁማ ጠራችኝ። ክሯን አቁማ መጥራቷ ብቻ አስደነገጠኝ።

«አንተ ይኸውም፣ ና እስቲ። መዘዞ ያለችው እህቴ ከወለደች መንፈቅ ሆናት። ጽጌን ላኪልኝ፣ ልጅ ታዝልልኛለች ብላለች።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ልጅ እስኪያድግ ነዋ! ከዚያ ደግሞ ሌላ ትወልዳለች። እህቴን አታውቃትም» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መላኩን እኔም አልወደድኩትም። ግን እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልገኛል፤ እህት ናት። ትምህርት ቤት ከተቀበላት፣ ‹የመንግሥት ተማሪ ናት፣ ምን ላድርግ› እላለሁ። ካልተቀበላት ከመስቀል በኋላ ትወስዳታለች። እና አንተ፣ ታነባለች ስትል የከረምከው፣ እውነት ታነባለች?»

«በኔ ይሁንብሽ» አልኳት። «እንደ ውሃ ነው የምታነበው።»

ጽጌ ከመሃላችን ሆና፣ ክሩን እንደ ያዘች፣ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች። «መዘዞ ፊደል አለ?» አለችኝ። እኔ «ጋሽ ተክሌ ጠሩኝ» ብዬ ወደ ሚዛኔ ሄድኩ።

መስከረም ጠባ፣ ምዝገባም መጣ። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ተሰለፉ። በሩ ላይ የድሮ ወታደር የነበሩ ዘበኛ ቆመዋል፤ ጆሮ የሚያስነኩት እሳቸው ናቸው። እናቶች ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ የልጆቻቸውን ክንድ ሲስቡ ያደሩ ይመስላሉ። ግን ትልቁ ዘዴ ሌላ ነው። ልጁ አንገቱን ዘንበል ካደረገ ጆሮው ወደ እጁ ይመጣለታል። ዘበኛው ይህን ስለሚያውቁ፣ በየልጁ አናት ላይ መዳፋቸውን ጭነው «አንገት ቀጥ!» ይላሉ። የደብረ ብርሃን ልጅ በዚያች ጠዋት ሁሉ የዘብ ሥልጠና ይወስዳል።

የጽጌ ተራ ደረሰ። እጇን በአናቷ ላይ አሻገረች። ጣቷ የጆሮዋ ጫፍ አጠገብ ደረሰና ቆመ። ተንጠራራች። አንገቷ ትንሽ እንደ ማዘንበል ሲል ዘበኛው በመዳፋቸው መለሱት።

«አልደረሰችም። ለከርሞ።»

«ለከርሞ ማን ያገኛታል!» አለች እትዬ አበበች። «ጌታዬ፣ ይህ ክንድ እኮ ክር ለመያዝ ከደረሰ ቆይቷል። ልጅ ለማዘልም ደርሷል ተብሎ መዘዞ ተፈልጓል። ለጆሮዋ ብቻ ነው ያልደረሰው?»

ሰልፉ ሳቀ። ዘበኛው አልሳቁም። እኔ ግን ጊዜዬ እንደ ደረሰ ገባኝና ወደ ፊት ዘለቅሁ። «ይኸውም» ብዬ ጀመርኩ፤ ልጅቱ ክንዷ ባይደርስም ዓይኗ እንደ ደረሰ፣ ዕውቀት በክንድ እንደማትለካ፣ አሁኑኑ መጽሐፍ ይሰጣትና ይታይ እያልኩ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ያን ያህል ከፍ ማድረግ አልነበረብኝም። ከበረንዳው ላይ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የሚመዘግቡት ዲሬክተር ሰሙኝ።

«አምጧት» አሉ።

ከጠረጴዛው ላይ የአንደኛ ክፍል ማንበቢያ መጽሐፍ አንሥተው፣ ከፍተው፣ ለጽጌ ሰጧት። «በይ፣ አንብቢልኝ ልጄ።»

ጽጌ መጽሐፉን በሁለት እጇ ያዘች። አየችው። እንደገና አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና ቆመ። እኔ «በይ እንጂ» አልኩ። እናቷ «በይ የኔ ጌጥ» አለች። ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጽጌ አንድም ፊደል አላወቀችም። ፊቷን ሳየው፣ በሌሊት ሰው አገር የገባ መንገደኛ ፊት ነበር። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። በደብረ ብርሃን መስከረም ላብ ወረደ ስላችሁ እንግዲህ ነገሩን ገምቱት።

«እንደ ውሃ ነው ያልከኝ» አለች እትዬ አበበች፣ ቀስ ብላ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲሬክተሩ መጽሐፉን ከጽጌ እጅ ተቀብለው፣ እንደ ተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ከፊታቸው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አየህ ወንድሜ፣ ትምህርት ሥርዓት አለው። ሕፃናትን ሰብስቦ ማስጮህ ማስተማር አይደለም። እነዚህ ልጆች ዜማውን ብቻ…»

«ዶሮዋ ጠዋት ወጣች» አለ አንድ ድምፅ።

ሰልፉ ሁሉ ዞረ።

«እህል ፈልጋ መሬቱን ጫረች። ጫጩቶቿ ተከተሏት።» ጽጌ ነበረች። ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ፣ ዓይኗን መጽሐፉ ላይ ተክላ፣ አገሯ የተመለሰች ትመስል ነበር።

ዲሬክተሩ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ይህን መጽሐፍ በቃሏ አስጠንታችኋታል?»

«ጌታዬ፣ የታተመ መጽሐፍ ስታይ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው» አልኩ።

አላመኑኝም። ጋዜጣቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከፊታቸው ዘረጉና አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አደረጉ። ጽጌ ከማዶ ሆና «የ… ዘንድሮው… ክረምት… ዝናብ» አለች። ሌላ መስመር። አነበበች። ከዚያ ዲሬክተሩ ጋዜጣውን፣ እንግዳ ፊት እንደሚዞር ሰሃን፣ ቀስ አድርገው ወደ እሷ አዞሩት። ዝም አለች። መልሰው አዞሩት። አነበበች።

እኔ በዚህ ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ። በበራፋችን ላይ ካሉት ልጆች እሷ ብቻ ፊደሉን ከማዶ አይታው ታውቃለች፤ እግሩ ወደ ላይ፣ አናቱ ወደ ታች። እጇ በክር ስለ ታሰረ ፊደሉን አንድ ቀን እንኳ ይዛ አዙራው አታውቅም። ስለዚህ ለእሷ ትክክለኛው ፊደል ያ ነው፤ የተገለበጠው የእኛው ነው። ይህን ሁሉ ላስረዳ «ይኸውም…» ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ አፌም እንደ ተከፈተ ቀረ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ያስረዳችው እትዬ አበበች ናት። «ጌታዬ፣ ክር ይዛልኝ ነው የተማረችው። ክር የያዘ ሰው ወዲያ ወዲህ አይልም። ከዚህ ከልጁ ፊት ለፊት፣ ከፊደሉ ማዶ ነበርን። እንግዲህ ጥፋት ካለ የኔ ክር ነው።»

ዲሬክተሩ ጋዜጣውን አጥፈው አስቀመጡና ጽጌን ለረዥም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ፊታቸው ላይ ደብረ ብርሃን አይታው የማታውቀው ነገር ሆነ። ሳቁ።

«ስንት ልጅ ነበራችሁ በአንዱ ፊደል ዙሪያ?» አሏት።

«ብዙ» አለች ጽጌ።

«እኛም ብዙ ነበርን። ሰላ ድንጋይ አካባቢ፣ የኔታ ዘንድ፣ አንድ ዳዊት መሃል ተቀምጦ። እኔ ዘግይቼ ስለመጣሁ ፊት ለፊት ቦታ አላገኘሁም፤ የደረሰኝ የጎን ቦታ ነው።» አንገታቸውን ወደ ቀኝ ትከሻቸው ጣል አደረጉት፣ በየጠዋቱ እንደምናየው። «ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር የጨረስኩት እንዲህ ሆኜ ነው። ዛሬም ወረቀት ቀጥ ብሎ ከመጣብኝ አልወደውም። ከተማው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ጥይት ነው ይላሉ አሉ።» ወደ እትዬ አበበች ዞር አሉ። «ሚስቴ ናትም ይላሉ አሉ።»

እትዬ አበበች ወደ ልቃቂቷ አቀረቀረች። ልቃቂቷን ግን ቤት ትታ ነበር የመጣችው።

«ጥይትም አይደለም፣ ሚስቴም አይደለችም» አሉ ዲሬክተሩ። «ዳዊት ነው።»

ከዚያ ብዕራቸውን አነሡ። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ዘበኛው ከበሩ መጥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰውዬው ክፉ ሆነው አይደለም፤ ደንብ ደንብ ስለሆነ ነው። «ጌታዬ፣ ጆሮዋን አልነካችም።»

ዲሬክተሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። በሰልፉ ውስጥ ጆሯቸውን ሳይነኩ የተመለሱ ልጆች እናቶች ሁሉ ያያሉ። እሳቸውም አዩአቸው። እትዬ አበበች የጽጌን እጅ ያዘች፤ መዘዞን ያየች መሰለኝ።

«ነይ እስቲ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ እፊቴ፣ ሁሉም እያየ፣ ጆሮሽን ንኪ።»

ጽጌ እጇን አሻገረች። ጣቷ ያው እዚያው ቆመ። ዲሬክተሩን አየቻቸው፤ እሳቸውም እሷን እያዩ አንገታቸውን ቀስ ብለው ዘንበል አደረጉ። ልጅ ያየውን ነው የሚያደርገው። ጽጌም ዘንበል አለች። ጆሮዋ መጥቶ እጇ ውስጥ ገባ።

«ጌታዬ! አንገቷን አዘነበለች!» አሉ ዘበኛው።

«እኔስ?» አሉ ዲሬክተሩ።

ዘበኛው የዲሬክተሩን አንገት አዩ። የጽጌን አንገት አዩ። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ነበሩ። ለድሮ ወታደር፣ አለቃው የቆመበት አቋቋም ምንጊዜም ትክክለኛ አቋቋም ነው። ሰላምታ ሰጥተው ወደ በራቸው ተመለሱ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «አንገት ቀጥ!» የሚል ድምፅ አልተሰማም። ተመልሰው የነበሩትም እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እንደገና ተሰለፉ። ያን ዓመት የደብረ ብርሃን ልጅ ክንድ በአንድ ጠዋት አደገ።

መቼም ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አይቃናም። ጽጌ መጽሐፍን እንደ ሌላው ሰው ማንበብ እስክትለምድ ድረስ ትንሽ ተቸግራለች፤ ግን ብዙም አልቆየችበት፤ ልጅ ናትና። በክፍላቸውም መጽሐፉ ከልጁ ያንስ ነበርና አንዱን መጽሐፍ ለብዙ ይካፈሉታል። ሌሎቹ «እኔ ፊት ለፊት፣ እኔ ፊት ለፊት» እያሉ ሲጣሉ ጽጌ ዝም ብላ ከማዶ ትቀመጣለች፤ ማንም የማይሻማት ቦታ ስለሆነ። አስተማሪዋ ከክፍሉ ሁሉ ጨዋ ልጅ እሷ ናት ይላሉ። ጨዋነቷንስ እኔ አውቃለሁ።

እኔም ልማዴን ለውጫለሁ። አሁን በበራፋችን ላይ ከአንድ ረድፍ ፊደል በኋላ ልጆቹ ሁሉ ተነሥተው፣ ካህናት ቤተ መቅደስ እንደሚዞሩ ዞረው፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። ክር የሚይዝም ቢኖር ክሩን እንደ ያዘ ይዞራል፤ እናቱም ልቃቂቷን ይዛ ትከተለዋለች። ጋሽ ተክሌ ይህን ሲያዩ «ፊደል ነው የምታስተምራቸው ወይስ እስክስታ?» ይሉኛል። እኔ ግን እላችኋለሁ፤ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያለው ሰው ቢያንስ ሰዉን ያዙረው። መጽሐፉ እስኪበዛ ድረስ ማለቴ ነው። ሲበዛ ደግሞ ሁሉም ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ አንገት የሚያዘነብል ቢገኝ ኩሩ መሆኑ በእርግጥ ይታወቃል።

የመዘዞዋ እህት ከመስቀል በኋላ መጣች፤ «የመንግሥት ተማሪ ናት» ተባለችና አኮረፈች። ሕፃኑን አዝላ ስለ መጣች ግን ትንሽ ሰንብታለች። ሕፃኑ በአራት እግሩ ይሄዳል። ፊደላችን ላይ ባገኘው በኩል ሁሉ ይድሃል፤ አንድ ቀን ማዕዘኑን ሲበላ ያዝኩት። አይጧ የጀመረችውን መጨረሱ ነው። ያም ሆኖ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚያየው ትልቅ ተስፋ ጥዬበታለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ዕረፍት ላይ፣ ከመጋዘኑ በራፍ ተቀምጬ፣ ዲሬክተሩ ጨርሰው የሚሰጡኝን ጋዜጣ አነብ ነበር። እነሆ ሙሉ ጋዜጣ! መጨረሻው ጎረቤት የማይገኝ! እትዬ አበበች እንደ ወትሮዋ ከፊት ለፊቴ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ክሯን ትጠቀልላለች። ጽጌ ትምህርት ቤት ስለሆነች ክሩን የያዘላት ወንበር ነው። ገጹን ጨርሼ ልገልጥ ስል፣

«አንተ ይኸውም» አለች፣ ዓይኗን ከጋዜጣው ሳታነሣ። «ምን ያስቸኩልሃል? ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም።»